የድረ ገጹ ቍልፍ በማን እጅ ይገኛል?

ማንኛውም ነጋዴ የመጋዘኑን ቍልፍ ማን እንደሚይዘው ቢጠየቅ ሳያመነታ ይመልሳል፤ የካዝናውንም ቢጠየቅ እንደዚሁ ነው። የቼክ ደብተሩ በየትኛው መሳቢያ እንደሚቀመጥ፥ ማኅተሙ ከማን እጅ እንደማይወጣ፥ ንግድ ፈቃዱ በየትኛው ወር እንደሚታደስ በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ድርጅቱ በውጭ ገበያ የሚታወቅበት የድረ ገጹ ቍልፍ የት እንደሚገኝ ቢጠየቅ፥ ከብዙዎቹ የሚሰማው መልስ «እርሱን የሚያውቀው የሠራልን ልጅ ነው» የሚል ነው። ድረ ገጽ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ይቈጠር በነበረበት ጊዜ ይህ መልስ ብዙ ጉዳት አልነበረውም። ዛሬ ግን የቡና ናሙና የሚጠየቀው፥ የሰሊጥ ዋጋ የሚነገረው፥ የአስመጪው ፕሮፎርማ የሚመጣውና የባንክ ሒሳብ ቍጥር የሚላከው በዚያው በድረ ገጹ ስም በተከፈተ ኢሜይል ስለ ሆነ፥ የቍልፉን ነገር አለማወቅ ካዝናን ሳይቈልፉ ወደ ቤት ከመሄድ አይለይም።

ይህ ቍልፍ በባለሙያዎች ዘንድ «ኮንትሮል ፓነል» ይባላል፤ በአማርኛ መቈጣጠሪያ ሰሌዳ ቢባል ይስማማዋል። ይኸውም ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ኩባንያ ለደንበኛው የሚሰጠው፥ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ በብራውዘር የሚከፈት፥ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አንድ ገጽ ነው። ከገቡ በኋላ እንደ መደብር መደርደሪያ በየክፍሉ የተከፋፈሉ ትናንሽ ሥዕሎች ይታያሉ፤ አንዱ ለፋይሎች፥ አንዱ ለኢሜይል፥ አንዱ ለመጠባበቂያ ቅጂ፥ አንዱ ለጸጥታ ጥበቃ የተመደበ ነው። የሚፈለገውን በመጫን ብቻ ሥራው ይፈጸማል።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጠብና ብዙ ኪሳራ የሚመጣው ሦስቱ እንደ አንድ ነገር ስለሚታዩ ነውና። የመጀመሪያው ስሙ ነው፤ ይኸውም በ«ዶት ኮም» ወይም በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀውና ዶሜይን የሚባለው ነው። ስም የሚመዘገበው ለተወሰነ ዓመት እንጂ ለዘለዓለም አይገዛም፤ የዶት ኮም ስም በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት ለሚበልጥ ዘመን አይመዘገብም። ሁለተኛው ስፍራው ነው፤ ገጾቹና ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡበት፥ ቀንና ሌሊት በማይጠፋ ሰርቨር በሚባል ኮምፒዩተር ላይ የሚከራይ ቦታ ማለት ነው። ሦስተኛው በቦታው ላይ የሚቀመጠው ንብረት ነው፤ ጽሑፉ፥ ፎቶግራፉ፥ የዕቃው ዝርዝርና የደንበኞች መልእክት ነው። ስሙን አንድ ኩባንያ፥ ቦታውን ሌላ ኩባንያ ሊሰጥ ይችላል፤ ሁለቱም ከአንድ ቤት ቢገኙ እንኳ ውላቸውና የሚታደሱበት ቀን የተለያየ ሊሆን ይችላል። መቈጣጠሪያ ሰሌዳው የሚያዝዘው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው፤ ስሙ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ መዝገብ በሌላ የይለፍ ቃል ይጠበቃል። ስለዚህ የሰሌዳው ቍልፍ ያለው ነጋዴ ሁሉን ይዣለሁ ብሎ መተማመን አይገባውም።

ቀድሞ ሰርቨርን ማዘዝ የተፈለገ እንደሆነ ትእዛዙን በፊደል እየጻፉ ማስገባት ግድ ነበር፤ ይህም የጥቂት ዐዋቂዎች ሥራ ሆኖ ቈይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ኒክ ኮስተን የተባለ ወጣት በአሜሪካ «ሲፓነል» የተባለውን ሰሌዳ ጻፈ፤ ኩባንያውም መቀመጫውን በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ አደረገ። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ደግሞ መነሻው የሩሲያዋ ኖቮሲቢርስክ ከተማ የሆነው «ፕሌስክ» ወጣ። ዛሬ እነዚህ ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድ የባለሀብቶች ቡድን ሥር ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲፓነል የፈቃድ ዋጋውን በሰርቨር መሆኑን ትቶ በደንበኞች አካውንት ብዛት እንዲሆን ባደረገ ጊዜ በአስተናጋጆች ዘንድ ከፍ ያለ ጩኸት ተነሥቶ ነበር፤ ከአስተናጋጆቹም ብዙዎቹ የጨመረባቸውን ዋጋ ወደ ደንበኞቻቸው አስተላልፈዋል፥ ሌሎችም ወደ «ዳይሬክትአድሚን» እና ያለ ክፍያ ወደሚገኙት ሰሌዳዎች ዞረዋል። አንዳንድ ትልልቅ አስተናጋጆችም የራሳቸውን ሰሌዳ ሠርተው ያቀርባሉ። ነጋዴው ይህን ሁሉ ስም ማጥናት አያስፈልገውም፤ የሥዕሎቹ አቀማመጥ ይለያይ እንጂ አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን በግማሽ ቀን ያውቀዋል።

መግቢያው ቀላል ነው። ሲፓነል ከሆነ ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ 2083 የሚለው ቍጥር፥ ፕሌስክ ከሆነ 8443 ይጻፋል፤ ወይም አስተናጋጁ በደንበኛው ገጽ ላይ ባስቀመጠው ማያያዣ ይገባል። በሲፓነል ፊተኛ ገጽ በስተጎን በትናንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ መረጃ አለ፤ እርሱም ባለፈው ጊዜ ሰሌዳው የተከፈተበት የኢንተርኔት አድራሻ ቍጥር ነው። ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል። ዳሩ ግን ዘበኛ ጧት ጧት የበሩን መዝጊያ እንደሚመለከት ሁሉ ይህን ቍጥር የሚመለከት ጸሓፊ፥ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ማወቅ ይችላል። የይለፍ ቃሉም ብቻውን በቂ አይደለም፤ በሰሌዳው ውስጥ «ሁለተኛ ማረጋገጫ» የሚባለውን ቢያበሩት፥ የይለፍ ቃሉን የሰረቀ ሰው እንኳ በባለቤቱ የእጅ ስልክ ላይ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጠውን 6 አኃዝ ካላገኘ አይገባም። ይህን ማብራት 5 ደቂቃ አይፈጅም፤ ያበራው ነጋዴ ግን ጥቂት ነው።

ከሰሌዳው ክፍሎች ሁሉ ለነጋዴ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው የኢሜይሉ ክፍል ነው፤ ገንዘብ የሚያልፍበት በር እርሱ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ክፍል ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በድርጅቱ ስም አድራሻ ይከፈታል፤ ለሽያጭ አንድ፥ ለሒሳብ ክፍል አንድ፥ ለሥራ አስኪያጁ አንድ እንዲኖር ይደረጋል። አድራሻው በሠራተኛው የግል ስም ከሚሆን ይልቅ በሥራው ስም ቢሆን ይመረጣል፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ደንበኛው አዲስ አድራሻ እንዲይዝ አይገደድምና። ሠራተኛ በተሰናበተ ቀን የይለፍ ቃሉ በዚያው ቀን ይለወጣል፤ ሣጥኑ ግን ወዲያው አይሰረዝም። ብዙዎች የሚስቱት በዚህ ነው። የተሰረዘ ሣጥን በውስጡ የነበረውን የሦስትና የአራት ዓመት የንግድ ደብዳቤ ይዞ ይጠፋል፤ ጭቅጭቅ ተነሥቶ በዳኛ ፊት ማስረጃ ቢጠየቅም የሚቀርብ ነገር አይኖርም። መደበኛው መንገድ የይለፍ ቃሉን ለውጦ፥ አዲስ የሚመጣውን ደብዳቤ ተተኪው እንዲቀበለው አድርጎ፥ አሮጌውን ቅጂ ማስቀመጥ ነው።

ለየሣጥኑ የሚፈቀደው የቦታ መጠን ደግሞ በሰሌዳው ላይ ይወሰናል። የመከር ወራት ሲመጣ የናሙና ፎቶግራፍ፥ በስካነር የተነሡ የመርከብ ሰነዶች፥ የጥራት ምስክር ወረቀቶች እየተከማቹ ሣጥኑን ይሞሉታል፤ በሞላም ጊዜ ከሃምቡርግ ወይም ከጅዳ የሚጻፈው ደብዳቤ ለላኪው ሳይደርስ ወደ ጸሓፊው ይመለሳል። ገዢው «መልስ ነፈጉኝ» ብሎ ወደ ሌላ ሻጭ ይሄዳል፤ ላኪውም «ዘንድሮ ገበያው ቀዘቀዘ» ይላል። ሣጥኑ ምን ያህል እንደሞላ በሰሌዳው ላይ በመስመር ተሥሎ ስለሚታይ በሳምንት አንድ ቀን መመልከት ይበቃል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ወደሚከፋው ነገር እንምጣ። በዚሁ በኢሜይል ክፍል ውስጥ «ፎርዋርደርስ» የሚባል አንድ ሥዕል አለ፤ ሥራውም ወደ አንድ አድራሻ የሚመጣውን ደብዳቤ ቅጂ ወደ ሌላ አድራሻ ማስተላለፍ ነው። ከእርሱ አጠገብ «ፊልተር» የሚባል አለ፤ ይህም በውስጡ የተወሰነ ቃል ያለበትን ደብዳቤ ለይቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዳል ወይም ያጠፋል። ሁለቱም ለመልካም ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ መንገድ ላይ ሲሆን ደብዳቤው ወደ ምክትሉ እንዲሄድ ያደርጋሉ። ነገር ግን ሌባ የይለፍ ቃሉን ባገኘ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነዚሁ ወደ ሁለቱ ነው። ገንዘብ ለመስረቅ አይቸኵልም፤ የሒሳብ ክፍሉ ደብዳቤ ሁሉ ቅጂ ለእርሱም እንዲደርሰው አድርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሳምንት ወይም ወር ያነባል፤ ገዢው ማን እንደሆነ፥ ዕቃው መቼ እንደሚጫን፥ ኢንቮይሱ ስንት እንደሆነ፥ ሒሳብ ሹሙ ደብዳቤውን በምን ዓይነት ሰላምታ እንደሚጀምር ያጠናል። የክፍያው ቀን ሲደርስ አንድ ፊደል ብቻ ከድርጅቱ ስም የተለየ ሌላ ስም አስመዝግቦ፥ «የባንክ ሒሳባችን በኦዲት ላይ ስለ ሆነ ክፍያውን ወደሚከተለው ሒሳብ ላኩልን» ብሎ ይጽፋል። ገዢው ነገሩ አጠራጥሮት የጻፈውን የጥያቄ ደብዳቤ ደግሞ ያ ፊልተር የሚባለው ለላኪው ሳያደርስ ያስቀረዋል። ላኪው ገንዘቡን ይጠብቃል፤ ገዢው ከፍዬ ጨርሻለሁ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር በአንድ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. ለ2023 ባወጣው መግለጫ፥ በንግድ ኢሜይል አማካይነት ስለ ተፈጸመ ማጭበርበር ብቻ ከ21 ሺህ በላይ አቤቱታ እንደ ቀረበለትና የጠፋውም ገንዘብ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ አስታውቋል። በኤል ሲ የሚነግድ ሰው ሰነዱ በባንኮች መካከል ስለሚያልፍ ለዚህ አደጋ ብዙ አይጋለጥም፤ በቅድሚያ ክፍያ የሚነግደው ግን፥ ላኪም ይሁን አስመጪ፥ ሙሉ በሙሉ ይጋለጣል። ስለዚህ የፎርዋርደርስንና የፊልተርን ዝርዝር በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት፥ በውስጡም ያልታወቀ አድራሻ ቢገኝ ከማጥፋት በፊት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለአስተናጋጁና ለፖሊስ ማስረጃ እንዲሆን ማስቀመጥ፥ ከዚያ የይለፍ ቃሎችን ሁሉ መለወጥ ይገባል። የሒሳብ ቍጥር ለውጥ የሚናገር ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ፥ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በመዝገብ በነበረው ስልክ ደውሎ በድምፅ መጠየቅ ነው። ይህ የመጨረሻው ምክር ከሰሌዳው ውጭ ቢሆንም ከሰሌዳው ሁሉ ይበልጣል።

የኢሜይል ነገር ከተነሣ ዘንድ ስለ ሦስት መዝገቦች መናገር ግድ ነው፤ እነርሱም ኤስ ፒ ኤፍ፥ ዲኪምና ዲማርክ ይባላሉ። ስማቸው ያስፈራል እንጂ ነገራቸው ከማኅተምና ከፊርማ ናሙና የተለየ አይደለም። ኤስ ፒ ኤፍ በድርጅቱ ስም ደብዳቤ ለመላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እነማን እንደሆኑ ይዘረዝራል፤ ዲኪም በየደብዳቤው ላይ የማይታይ ፊርማ ያሳርፋል፤ ዲማርክ ደግሞ ማስረጃው ያልተሟላ ደብዳቤ ሲደርስ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ማንኛውም ላኪ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ አንዱን፥ በቀን ከ5,000 በላይ ደብዳቤ ለጂሜይል አድራሻዎች የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም እንዲያሟላ መጠየቅ ጀምረዋል። ላኪው የጻፈው የዋጋ ማቅረቢያ በገዢው ዘንድ ከቆሻሻ ደብዳቤ ጋር ተደባልቆ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጕድለት ነው። በሲፓነል «ኢሜይል ዴሊቨረቢሊቲ» የሚለው ክፍል ሲከፈት ከሁለቱ የጐደለው በቀይ ይታያል፤ ስሙ የሚመራው ከዚያው አስተናጋጅ ከሆነም አንዱን አዝራር በመጫን ይስተካከላል። ዲማርክን ግን በዚያው በሰሌዳው የስም መዝገብ ማረሚያ ላይ መጨመር ስለሚያስፈልግ ባለሙያ ቢያግዝ ይሻላል።

ወደ ቍልፉ ጉዳይ ስንመለስ፥ የሚከተለው ዓይነት ነገር በነጋዴዎች መካከል እየተደጋገመ ይሰማል። አንድ የቅባት እህል ላኪ ድርጅት አለ እንበል። ከዓመታት በፊት የዘመድ ልጅ የሆነ፥ በኮምፒዩተር ትምህርት የተመረቀ ወጣት ድረ ገጽ ይሠራለታል። ወጣቱ ቅን ነው፤ ስሙንም ቦታውንም በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል፥ ክፍያውንም ውጭ አገር በሚኖር ወንድሙ ካርድ ይፈጽማል፤ ጋሼ ገንዘቡን በጥሬው ይመልሱለታል። ሁሉም ደስ ብሎት ይኖራል። ወጣቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ካናዳ ይሄዳል፤ ወንድሙም ካርዱን ይለውጣል። የመታደሻው ማስጠንቀቂያ ማንም ወደማይከፍተው ወደ አሮጌ ኢሜይል አምስት ጊዜ ይላካል። በአንድ ሰኞ ጧት፥ ሁለት ኮንቴይነር ሰሊጥ ወደብ ደርሶ ሰነድ በሚለዋወጡበት ሳምንት፥ ድረ ገጹም ኢሜይሉም ይቆማል። ወደ አስተናጋጁ ቢጻፍ የሚመጣው መልስ «አካውንቱ በእርስዎ ስም አይደለም፤ ባለቤቱ ይጠይቀን» የሚል ነው። አስተናጋጁም አልበደለም፤ ሌላ ሰው መጥቶ የዚሁኑ ድርጅት ቍልፍ ቢጠይቅ እንዲሁ እንዲመልስለት ይፈለጋልና። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም፥ ውሸታምም የለም፤ ወረቀት ብቻ ነው የጐደለው።

ስም ጊዜው ሲያልፍ የሚሆነውን ቀን በቀን ማወቅ ይጠቅማል። የዶት ኮም ስም የሚታደስበት ቀን ካለፈ በኋላ መዝጋቢው ኩባንያ እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛው ዋጋ ሊያድስለት ይችላል፤ ሆኖም ይህ በኩባንያው ፈቃድ ስለ ሆነ ከዚያ ያነሰ ቀን የሚሰጡ፥ ስሙንም ለጨረታ የሚያወጡ አሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ድረ ገጹና ኢሜይሉ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማሉ። ኩባንያው ስሙን ከመዝገብ ከሰረዘ በኋላ 30 የመዋጃ ቀኖች አሉ፤ በእነዚህ ቀኖች ስሙን ለመመለስ ከመታደሻው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ 5 ቀን ማንም የማይነካው ሆኖ ይቈይና ስሙ ነጻ ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት የወሰደው የእርሱ ነው። በድርጅቱ ስም የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ አዲሱ ባለቤት የመቀበል ሥልጣን ይኖረዋል፤ ከገዢዎች የሚመጣውም ጭምር ማለት ነው።

ስለዚህ ስሙ በድርጅቱ ሕጋዊ ስም እንዲመዘገብ፥ የመገናኛው ኢሜይል ደግሞ ከዚያው ስም ውጭ በሆነ፥ ባለቤቱ ራሱ በሚከፍተው አድራሻ እንዲሆን ያስፈልጋል። ስሙ ሲሞት አብሮት የሚሞት አድራሻ ማስጠንቀቂያ መቀበል አይችልም፤ ይህ ግልጽ ቢሆንም በተግባር ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ተደርጎ ይገኛል። የሰሌዳው የተጠቃሚ ስም፥ የይለፍ ቃልና የሁለተኛው ማረጋገጫ መጠባበቂያ ቍጥሮች በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጡ። ባለሙያው ሥራውን ለመሥራት ቍልፍ ማግኘቱ አይቀርም፤ በአዲሶቹ የሲፓነል ዓይነቶች አስተናጋጁ ከፈቀደ ለእርሱ የተወሰነ ሥራ ብቻ የሚያሠራ የበታች መግቢያ መክፈት ይቻላል። ይህ ለባለሙያው ክብር መንፈግ አይደለም፤ ሒሳብ ሹሙም እኮ የካዝናውን ቍልፍ ብቻውን አይዝም።

እስካሁን የተነገረው ቍልፍን ስለ መያዝ ነው፤ ቤቱ ራሱ ቢቃጠልስ? ይህ ምሳሌ ሳይሆን የሆነ ነገር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 10 ቀን 2021፥ በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የሚገኘው የኦ ቪ ኤች ኩባንያ የሰርቨር ሕንጻ በሌሊት እሳት ተነሥቶበት አንዱ ሕንጻ ፈጽሞ ወደመ። ሰው አልሞተም። ነገር ግን የኢንተርኔት መረጃ የሚሰበስበው ኔትክራፍት የተባለው ድርጅት በዚያ ቀን 3.6 ሚሊዮን ያህል ድረ ገጾች እንደ ቆሙ ገልጿል። ከደንበኞቹ መካከል የራሳቸውን ቅጂ በሌላ ስፍራ ያስቀመጡ በጥቂት ቀን ተነሡ፤ ቅጂያቸው በዚያው ግቢ የነበረው ግን ዋናውም ቅጂውም አብሮ ተቃጠለ። ዱቄቱንና የዱቄቱን መዝገብ በአንድ መጋዘን የሚያስቀምጥ ባለሱቅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

በሰሌዳው ላይ «ባክአፕ» የሚለው ክፍል ለዚህ የተሠራ ነው። ከፍቶ ሙሉ ቅጂ እንዲዘጋጅ ማዘዝ፥ ሲያልቅም አንድ የታሸገ ፋይል ወደ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ማውረድ ነው፤ ከዚያም ወደ ውጫዊ ዲስክ ቀድቶ ዲስኩን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ማስቀመጥ ይገባል። እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛው፥ ቅጂው ተዘጋጅቶ በዚያው በሰርቨሩ ላይ ከተተወ ምንም አይጠቅምም፤ የተከራየውንም ቦታ ያጣብባል። ሁለተኛው፥ በሲፓነል ሙሉውን ቅጂ ደንበኛው በራሱ ሰሌዳ መልሶ ሊያስገባው አይችልም፤ የሚመልሰው አስተናጋጁ ነው። በየክፍሉ የተወሰዱ ቅጂዎች ማለትም የፋይሎቹ፥ የዳታቤዙና የኢሜይል ማስተላለፊያዎቹ ግን በደንበኛው እጅ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት መያዝ ይሻላል። በዓመት አንድ ጊዜም አንዲት የማታስፈልግ ገጽ ሆን ብሎ አጥፍቶ ከቅጂው መመለስ መቻሉን መሞከር ተገቢ ነው፤ ያልተሞከረ ቅጂ መኖሩ የሚታወቀው በችግር ቀን ነውና።

የቀሩት የሰሌዳው ሥራዎች ረዥም ሐተታ አይፈልጉም። በድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ መታየት ያለበት የጥበቃ ምስክር ወረቀት፥ ኤስ ኤስ ኤል የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ድርጅት ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አብዛኞቹ ሰሌዳዎችም በራሳቸው ያድሱታል። የጉግል ብራውዘር ክሮም ከጁላይ 2018 ጀምሮ ምስክር ወረቀት የሌለውን ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ለጎብኚው ስለሚናገር፥ መታደሱን አልፎ አልፎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ገዢ ከበር ሲመለስ ማንም አይነግርም። ድረ ገጹ በወርድፕሬስ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙና በላዩ የተጨመሩት ነገሮች ሳይታደሱ እንዳይቈዩ ነው፤ ሌቦች የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው መስኮት ነው።

ስለ ወጪው ግን ጥቂት መናገር ይገባል። የውጭ አገር አስተናጋጆች ክፍያ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ዋጋው በዶላር ያልተለወጠ የአስተናጋጅ ኪራይም በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ከዚህም በላይ የውጭ አስተናጋጆች ለመጀመሪያው ዓመት ዋጋውን ዝቅ አድርገው በሁለተኛው ከፍ የማድረግ ልማድ አላቸው፤ ውል ሲፈረም መጠየቅ የሚገባው የመግቢያው ዋጋ ሳይሆን የመታደሻው ዋጋ ነው። በብር ለመክፈል የሚፈልግ በአገር ውስጥ አስተናጋጆች ዘንድ ቦታ ያገኛል። የአገሪቱን ስም ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ለንግድ ድርጅቶች የተለመደው «ዶት ኮም ዶት ኢቲ» የሚለው ነው። ወደ ውጭ የሚነግድ ሰው ሁለቱንም ስሞች ቢይዝ ወጪው ብዙ አይደለም፤ ተመሳሳይ ስም ይዞ የሚመጣውንም አጭበርባሪ አንድ በር ይዘጋበታል።

አስተናጋጁን ለመለወጥ የሚያስብ ነጋዴ በመጨረሻ አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። ከሲፓነል ወደ ሌላ ሲፓነል የሚዘዋወር አካውንት፥ ገጾቹ፥ ዳታቤዙ፥ የኢሜይል ሣጥኖቹና ደብዳቤዎቹ በአንዱ ሙሉ ቅጂ ተጠቅልለው ይሄዳሉ፤ አዲሱ አስተናጋጅም ብዙ ጊዜ ያለ ዋጋ ይመልሳቸዋል። ከአንዱ ዓይነት ሰሌዳ ወደ ሌላው ዓይነት ሲሆን ግን ሥራው በየክፍሉ ስለሚፈጸም ቀን ይወስዳል፤ ከሁሉ ይልቅ ደብዳቤዎቹ እንዳይቀሩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዝውውሩ በመጫኛ ሰሞን አይደረግ፤ የቀድሞው ኪራይም ከአዲሱ ጋር ቢያንስ አንድ ወር ተደራርቦ ይቈይ። የስሙ መዝገብ ወደ አዲሱ ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ እስከ አንድና ሁለት ቀን ድረስ አንዳንድ ደብዳቤ በአሮጌው ሣጥን ሊደርስ ስለሚችል፥ በእነዚያ ቀኖች ጸሓፊው ሁለቱንም ሣጥኖች ጧትና ማታ ይከፍታል።